ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጥ የማኅበራዊ ሥራ ድጋፍን መገምገም፦ በጎጃም ወረዳዎችና ከተሞች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ጎጃም በእህል ትርፍ አምራችነቱ ይታወቃል። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍና የምዕራብ ጎጃም በቆሎ ከክልሉ አልፎ የአዲስ አበባን ገበያ ይመግባል። ይህ ስም ግን በየጎጡና በየከተማው ዳር ያሉትን ድሆች ይሸፍናቸዋል። መሬቷን በእኩል ሰጥታ የምርቷን ግማሽ ብቻ የምታስገባ ባል የሞተባት ሴት፣ በወራሽነት የደረሰው መሬት ለቤተሰቡ የማይበቃ ወጣት አባወራ፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም አንዲት ክፍል ተከራይታ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት፣ እነዚህ ሁሉ ምርት በሞላበት አገር ቀለብ የሚያጥራቸው ናቸው። ስለሆነም በዚህ አካባቢ የሚካሄድ የድጋፍ ፕሮግራም የሚመዘነው በወረዳው ጠቅላላ ምርት ወይም በተከፋፈለው ዕርዳታ ብዛት ሊሆን አይችልም። የሚመዘነው በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደተለወጠና ያ ለውጥ ድጋፉ ባይኖር ኖሮ ይመጣ እንደነበር በመመርመር ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በወረዳና በከተማ አስተዳደር የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፣ በማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረቶች (ነዋሪዎች ተሰባስበው ችግረኛ ቤተሰቦችን በሚረዱባቸው ስብስቦች)፣ በአገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና በቤተ እምነት የልማት ክፍሎች ውስጥ ለሚሠሩ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ነው። ብዙ ገንዘብና የጥናት ተቋም ሳያስፈልግ፣ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ያሉት ቡድን ሊያከናውነው በሚችል መልኩ ቀርቧል።

አንደኛ፦ ግምገማው የሚመልሰውን ጥያቄ መወሰን

ግምገማ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱን ማን እንደሚፈልገውና ምን ሊወስንበት እንደሚያስብ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። የወረዳው ካቢኔ በጀቱን ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ከፈለገ ጥያቄው «ድጋፉ ቤተሰቡን ለውጦታል ወይ?» የሚል ይሆናል። የፕሮግራሙ አስተባባሪ አሠራሩን ማስተካከል ከፈለገ ደግሞ «የቱ ክፍል ሠራ፣ የቱ ተሰናከለ፣ ለምን?» የሚለው ይቀድማል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ከሦስት ወይም ከአራት ዋና ጥያቄዎች በላይ የያዘ ግምገማ አንዱንም አጥርቶ አይመልስም።

በዚሁ ደረጃ የሚገመገመው ድጋፍ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የገጠሩ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የከተማው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። ሁለቱም መሥራት ለሚችሉ ቤተሰቦች ክፍያ ያለው የማኅበረሰብ ሥራ፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣሉ። ከእነዚህ ሌላ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ለደሃ ደሃ ቤተሰቦች በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ እንዲሁም የትምህርት ቁሳቁስ ድጋፍ፣ የአነስተኛ ንግድ መነሻ ገንዘብ፣ የቤት ለቤት ጉብኝትና የምክር አገልግሎት አለ። አንድ ቤተሰብ ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። የትኛው ድጋፍ ከየት እንደመጣ በመነሻው ካልተመዘገበ፣ ጤና መድኑ ያስገኘውን ለውጥ የመነሻ ገንዘቡ ውጤት አድርጎ መጻፍ ይመጣል።

ሁለተኛ፦ ፕሮግራሙ ለውጥ ያመጣል የተባለበትን መንገድ መጻፍ

የፕሮግራሙን ሠራተኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ «ይህን ብንሰጥ ይህ ይሆናል፤ ይህ ከሆነ ደግሞ ይህ ይከተላል» የሚለውን ሰንሰለት በአንድ ገጽ ማስፈር ነው። ለምሳሌ ባለሙያው በወር ሁለት ጊዜ ቤተሰቡን ይጎበኛል፤ እናትየው ልጇን ከትምህርት ቤት ያስቀረችበት ምክንያት ይታወቃል፤ ምክንያቱ የደብተርና የልብስ እጦት ከሆነ ይሟላል፤ ልጁ ይመለሳል፤ ዓመቱን ይጨርሳል። ይህን ሰንሰለት የጻፈ ቡድን የት ላይ ሊበጠስ እንደሚችል ወዲያው ያያል። ልጁ የቀረው ደብተር አጥቶ ሳይሆን በመኸር የሰው ከብት በመጠበቅ ቤቱን ስለሚረዳ ከሆነ፣ ደብተር መግዛቱ የትም አያደርስም።

በሰንሰለቱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። የመጀመሪያው የተሠራው ሥራ ነው፤ የጉብኝት ብዛት፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ የተሰጠ ሥልጠና። ሁለተኛው ሥራው ወዲያው ያስገኘው ነገር ነው፤ ልጁ ተመዘገበ፣ እናትየው የቁጠባ ደብተር ከፈተች። ሦስተኛው በቤተሰቡ ኑሮ ላይ የታየ ለውጥ ነው። በየሩብ ዓመቱ ወደ ዞን የሚላኩ ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ተሞልተው ይቆማሉ። «ለ300 እማወራዎች ሥልጠና ተሰጥቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለ ሠልጣኞቹ ቤት ምንም አይናገርም፤ ግምገማው ከዚያ ማለፍ አለበት።

ሦስተኛ፦ ማን እንደገባና ማን እንደቀረ ማጣራት

ድጋፉ የደረሰው ለተገቢው ቤተሰብ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የተጠቃሚዎችን ስም ዝርዝር ከቀበሌ ወስዶ ለሁለት ዓይነት ስሕተት መመርመር ይገባል፤ ድጋፍ የማይገባው የገባበት ስሕተትና ድጋፍ የሚገባው የቀረበት ስሕተት። የመጀመሪያው በሕዝብ ፊት ስለሚወራ በቀላሉ ይሰማል። ሁለተኛው ግን ዝምተኛ ነው፤ ምክንያቱም የቀረው ሰው በስብሰባ ላይ አይገኝም፣ ቢገኝም አይናገርም።

የቀሩትን ለማግኘት የሚረዳው መንገድ እንዲህ ነው። በአንድ ጎጥ ውስጥ ከተለያየ ወገን የሆኑ አምስት ወይም ስድስት ነዋሪዎች፣ ማለትም የእድር ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መምህር፣ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ሴትና አንድ ወጣት፣ ተለያይተው እንዲጠየቁ ይደረጋል። እያንዳንዳቸው በጎጡ በጣም ተቸግረዋል የሚሏቸውን አሥር ቤቶች ይጠቁማሉ። በብዙዎቹ አንደበት የተጠራ ነገር ግን በዝርዝሩ የሌለ ቤት ሲገኝ፣ ያ ቤት በአካል ተጎብኝቶ ምክንያቱ ይጻፋል። በተለይ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው አሉ፤ በሸክላ ሥራና በሽመና ስለሚተዳደሩ ከጎረቤት የተገለሉ ቤተሰቦች፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው ተከራዮች፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ፣ በአልጋ ላይ የዋለ ሕሙም ያለባቸው ቤቶች፣ እንዲሁም አባወራው ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ሄዶ እናትና ልጆች ብቻ የቀሩባቸው ቤቶች። የመጨረሻዎቹ በመዝገብ ላይ «ሠራተኛ ያለበት ቤት» ተብለው ስለሚቆጠሩ በቀላሉ ይዘለላሉ።

አራተኛ፦ መለኪያዎችን መምረጥ

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል፤ መለኪያው ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ አብሮ ይሳሳታልና። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ግምገማ ከአምስት እስከ ስምንት መለኪያዎች ይበቃሉ። ከእነዚህም ሦስቱን በዝርዝር እናያለን።

ቀለብ የሚበቃባቸው ወራት። ለገበሬ ቤተሰብ ከሁሉ የሚቀለውና የሚታመነው ይህ ነው። «ባለፉት 12 ወራት ቤታችሁ የሚበላ ያጣባቸው ወራት የትኞቹ ናቸው?» ተብሎ ወር በወር ይጠየቃል፤ ከ12 ላይ የጎደሉት ይቀነሳሉ። ገበሬው ጎተራው መቼ እንደተሟጠጠና መቼ እህል መበደር እንደጀመረ አይረሳም። በተቻለ መጠን ወራቱን በበዓል ማስታወስ ይጠቅማል፤ «ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?»፣ «ፍልሰታ ሲገባ እህል ነበረ?» ማለት «በሚያዝያ አጋማሽ» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

የችግር መቋቋሚያ ስልቶች። ለከተማ ቤተሰብ፣ ጎተራ ስለሌለው፣ ይህኛው ይሻላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በስፋት የሚሠራበት አጭር መለኪያ አምስት ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ስንት ቀን (1) እምብዛም የማትመርጡትን ወይም ርካሽ ምግብ በላችሁ፤ (2) ምግብ ተበደራችሁ ወይም ከዘመድ ጠየቃችሁ፤ (3) በአንድ ማዕድ የሚቀርበውን መጠን ቀነሳችሁ፤ (4) ልጆች እንዲበሉ አዋቂዎች ቀነሱ ወይም ተዉ፤ (5) በቀን የምትበሉበትን ጊዜ ቀነሳችሁ። የቀናቱ ብዛት እንደ ክብደቱ ይባዛል፤ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው በ1፣ ሁለተኛው በ2፣ አራተኛው በ3። አንድ ቤት በቅደም ተከተል 3፣ 1፣ 2፣ 2 እና 1 ቀን ብሎ ከመለሰ ድምሩ 3 እና 2 እና 2 እና 6 እና 1 ሆኖ 14 ይመጣል። ትልቁ ሊደርስ የሚችለው ቁጥር 56 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ችግሩ ይከፋል። በዚህ መለኪያ አራተኛው ጥያቄ ከፍተኛ ክብደት የተሰጠው በከንቱ አይደለም። እናት ሳትበላ ያደረችበት ቤት በሌሎቹ ጥያቄዎች ብዙ ላይታይ ይችላል፤ ጥያቄው ለእርሷ ለብቻዋ፣ ባሏና ልጆቿ በሌሉበት መቅረብ ያለበትም ለዚህ ነው።

የቤተሰቡ ዕዳና ጥሪት። የገቢ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት በቀን የምትቆጥረው ብር ትርፍ አይደለም፤ የጤፉ፣ የማገዶው ወይም የመብራቱ፣ የቤት ኪራዩና ካልተሸጠው የደረቀው እንጀራ ወጪ ከዚያ ላይ ይነሳል። ስለዚህ «በወር ስንት ታገኛላችሁ?» በሚለው ፋንታ ባለፈው ሳምንት የተገዛውን ጤፍ፣ የተሸጠውን እንጀራና የቀረውን አንድ በአንድ ማስቆጠር ይገባል። ከዚያም ለማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለ፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ በዓመቱ ውስጥ በግ፣ ዶሮ፣ የጣራ ቆርቆሮ ወይም የቤት ዕቃ ተሸጦ እንደሆነና ለምን እንደተሸጠ ይጠየቃል። በከተማው ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ከሚከፈላቸው 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ ይደረጋል፤ ገምጋሚው ደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቁጠባው በተጠራቀመበት ልክ ሌላ ዕዳ አድጎ እንደሆነ ማየት አለበት። በአንድ በኩል እየቆጠበ በሌላ በኩል በአራጣ የሚበደር ቤት ወደፊት አልተራመደም።

ከእነዚህ በተጨማሪ የልጆች የትምህርት ቤት ክትትል ከመምህሩ የስም መጥሪያ፣ የጤና አገልግሎት አጠቃቀም ከመድን መታወቂያው፣ የምግብ እጥረትን የሚያሳየው የሕፃናት ክንድ ዙሪያ ልኬት ደግሞ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብ ሊወሰድ ይችላል። ቤተሰቡን ደግሞ ደጋግሞ ከመጠየቅ ያለውን መዝገብ መጠቀም ይሻላል።

የምግብ ዓይነት ስብጥርን የሚለካ ቡድን የጾም ወራትን ሊዘነጋ አይገባም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላው ሀብታሙም ጭምር ነው። ድጋፉ ሲጀመር የሚደረገው መነሻ ጥናት በፋሲካ ማግስት፣ ማጠቃለያው በጾም ወቅት ቢሠራ ፕሮግራሙ አመጋገብን አበላሸ የሚል የተሳሳተ ውጤት ይወጣል። ተገላቢጦሹም እንዲሁ ያልተገኘ ስኬት ያሳያል።

አምስተኛ፦ ወሩን ከወሩ ጋር ማነጻጸር

በጎጃም ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የቀለብ እጥረት የሚጠናበት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ምርት ይገባል፤ የቀን ሠራተኛም በአጨዳና በውቂያ ሥራ ያገኛል። አንድ ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹን በነሐሴ መልምሎ በጥር ቢገመግማቸው፣ አንዳች ሳይሰጣቸውም ቢሆን ተሻሽለው ይገኛሉ። በተግባር የሚታየው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የበጀት ዓመቱ በሰኔ ስለሚዘጋ የምልመላውና የሪፖርቱ ጊዜ በቢሮ አቆጣጠር እንጂ በገበሬው ዓመት አይወሰንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መነሻው በነሐሴ ከተሠራ ማጠቃለያውም በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ይሠራል። ይህ ካልተቻለ የቀለብ ወራት መለኪያው ዓመቱን በሙሉ ስለሚሸፍን እርሱን ዋና ማድረግ ይገባል።

ወቅቱ በቦታ እንደሚለያይም ማስታወስ ያስፈልጋል። በጮቄ ተራራ ደጋ ገብስና ድንች የሚያመርት ቀበሌና ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የወረደ የማሽላ ቀበሌ በአንድ ወረዳ ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። የአንዱ የጭንቅ ወር ለሌላው ድንች የሚቆፈርበት ሊሆን ስለሚችል፣ ደጋውንና ቆላውን ለይቶ መተንተን እንጂ በወረዳ አማካይ መጨፍለቅ አይገባም።

ስድስተኛ፦ ድጋፉ ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ድጋፉን ያላገኙ ተመሳሳይ ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ የማስተናገድ አቅሙ ሲሞላ ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ከእነርሱ የተሻለ ማነጻጸሪያ የለም፤ በተመሳሳይ መስፈርት ተመልምለዋልና። ከሌሉ ደግሞ በአቅራቢያው ያለ፣ ድጋፉ ያልገባበት፣ በመንገድ፣ በገበያና በእርሻ ዓይነት የሚመሳሰል ቀበሌ ይመረጣል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የተደገፉት ቤተሰቦች የቀለብ ወራት በአማካይ ከ6 ወደ 9 ከፍ አለ እንበል። ተራ የሚጠብቁት ደግሞ በዚያው ጊዜ ከ6 ወደ 8 ከፍ ብለው ቢገኙ፣ ለድጋፉ ሊመዘገብለት የሚችለው ሦስቱ ወር ሳይሆን አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን ወር ያመጣው ጥሩ ዝናብ ወይም ሌላ ለሁሉም የደረሰ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ሁሉም ሲያሽቆለቁል የተደገፉት በነበሩበት ቢቆሙ፣ ያም ውጤት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲቋረጥና ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሲቀር የነበረውን ጊዜ ያለ ማነጻጸሪያ መገምገም ማንንም ወደ እውነት አያደርስም፤ ድጋፍ አንድ ቤተሰብ እንዳይወድቅ ይዞት እንደሆነ የሚታወቀው ያልተደገፈው ጎረቤቱ የደረሰበትን ስናይ ነው።

ያልተደገፉትን ቤተሰቦች የሚያነጋግር ባለሙያ ድጋፍ ሊመጣላቸው እንደሆነ የሚያስመስል ቃል እንዳይወጣው መጠንቀቅ አለበት። ለምን እንደሚጠየቁ በግልጽ ይነገራቸው፤ ለሚያጠፉት ጊዜም ምስጋና ይድረሳቸው።

ሰባተኛ፦ ናሙና

ከ240 ተጠቃሚ ቤተሰቦች 60 ለመጠየቅ ከተፈለገ፣ ዝርዝሩ በተራ ይቀመጥና ከ1 እስከ 4 ባሉት ቁጥሮች ዕጣ ይወጣል፤ 3 ከወጣ 3ኛው፣ 7ኛው፣ 11ኛው እያለ በየአራት ይሄዳል። ናሙናውን የቀበሌ ሊቀመንበር ወይም የፕሮግራሙ ሠራተኛ መምረጥ የለበትም፤ በመንገድ ዳር ያሉና የተሳካላቸው ብቻ ይመረጣሉና። ዕጣ የደረሰው ቤት ተዘግቶ ከተገኘ ጎረቤቱን መተካት አይገባም። ቀን ተዘግቶ የሚውለው ቤት ብዙ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ወይም ጉልት የምትውል ሴት ቤት ነው፤ ሥራ በማይሠራበት በዓል ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ማምሻውን ተመልሶ መሄድ ነው። ቤት ለቅቀው የሄዱ ተከራዮችም ከዝርዝሩ አይሰረዙም፤ የት እንደሄዱና ለምን እንደሄዱ ከጎረቤት ተጠይቆ ቁጥራቸው በሪፖርቱ ይገባል።

ስምንተኛ፦ ቃለ መጠይቁ

መልስ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ድጋፉን የሚሰጠው ባለሙያ ራሱ ቢጠይቅ፣ ተጠያቂዋ ከዝርዝር እወጣለሁ ብላ ትፈራለች ወይም ውለታ ላለመካድ ታመሰግናለች። ስለዚህ ጠያቂው ከሌላ ቀበሌ ወይም ከሌላ ጽሕፈት ቤት ይምጣ፤ ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች ባለሙያ ቢለዋወጡ ያለ ተጨማሪ በጀት ይሆናል። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ተማሪዎችም በመምህራቸው ክትትል ሊያግዙ ይችላሉ።

«ኑሮዎ ተሻሽሏል?» ተብሎ የሚጀመር ጥያቄ «ተመስገን፣ ምን ይላል» የሚል መልስ ያመጣል። ይህ የአገሩ ጨዋነት ነው፤ በመጠይቁ ላይ «ተሻሽሏል» ተብሎ መመዝገብ የለበትም። ጥያቄው በተጨባጭ ነገር ላይ ይቁም፦

«እናቴ፣ ትናንት ማታ ቤት ያለው ሰው ምን በላ?»
«ልጆቹ ሽሮ በልተዋል።»
«እርስዎስ?»
«እኔ ቡና ነገር ቀምሼ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ጠያቂው ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ከመጠይቁ ሁሉ ይበልጣል፤ ቃል በቃልም ይጻፋል።

ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፤ መልስ አለመስጠት ድጋፉን እንደማያስቀር በግልጽ ይነገራል። ስም ከመልሱ ተለይቶ በሌላ ወረቀት ላይ በቁጥር ይያያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ሕጋዊ ግዴታም ጭምር ነው። ፎቶግራፍ አንስቶ በሪፖርት ሽፋን ላይ መለጠፍ ልማድ ሆኗል፤ የአንድን ቤተሰብ ችግር በፊቱ ማሳየት ለግምገማው የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ቢቀር ይሻላል።

በንግግሩ መካከል የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ ወይም የሕፃን ረሀብ ሊሰማ ይችላል። ጠያቂው ያን ጊዜ ጽፎ መሄድ የለበትም። ቡድኑ ወደ መስክ ከመውጣቱ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይና ወደ ፖሊስ የሚመራበትን መንገድ፣ ተረኛ ሠራተኛ ማን እንደሆነም ጭምር፣ አጣርቶ ይያዝ።

ዘጠነኛ፦ የማኅበራዊ ሥራውን ጥራት ለብቻ መመዘን

ገንዘብና እህል ደርሶ እንኳ ባለሙያው ካልሠራ ብዙ ነገር ይጎድላል። የጉዳይ መዝገቦችን በዕጣ አውጥቶ ማንበብ ይገባል። ጥሩ መዝገብ ቤተሰቡ ራሱ ምን እንደፈለገ፣ ምን እንደተስማሙ፣ ማን ምን እንደሚያደርግና በሚቀጥለው ጉብኝት ምን እንደተገኘ ያሳያል። በሁሉም ገጽ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ጉብኝቱ እንዳልተደረገ ወይም ከበር እንዳላለፈ ይጠቁማል። ከመዝገቡ የተወሰዱ የጉብኝት ቀናትን ለቤተሰቡ በማንሳት ማመሳከር ይቻላል።

ነገር ግን ባለሙያውን ከመውቀስ በፊት የተሰጠው ሥራ ይታይ። አንድ ሰው ስንት ቤተሰብ ይዟል? ቀበሌዎቹ በእግር የስንት ሰዓት መንገድ ናቸው? የትራንስፖርት ገንዘብ በወቅቱ ይደርሰዋል? በክረምት ወንዝ ሲሞላ የማይደረስበት ቀበሌ አለ? መቶ ቤተሰብ የተሰጠው ባለሙያ በወር ሁለት ጊዜ ሊጎበኛቸው እንደማይችል ለማወቅ ስሌት በቂ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕቅድ ያወጣው አካል በሪፖርቱ ሊጠቀስ ይገባል።

አሥረኛ፦ ብሩን በእህል መለወጥ

የድጋፉ መጠን በብር ተጽፎ ሲቆም የዋጋ ንረት ይደበቃል። በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ የጊዜ ንጽጽር በብር ብቻ ማድረግ አይቻልም። በየወሩ በአካባቢው የገበያ ቀን የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ ይመዝገብ። ለምሳሌ ወርኃዊ ድጋፉ 900 ብር ሆኖ በቆሎ በኪሎ 30 ብር ሲሸጥ ቤተሰቡ 30 ኪሎ ይገዛል። ዋጋው 45 ብር ሲደርስ ያው 900 ብር 20 ኪሎ ብቻ ያመጣል። በሪፖርቱ ላይ «ድጋፉ አልተቀነሰም» ተብሎ ይጻፋል፤ በቤቱ ግን አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል። ክፍያው ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ ቤተሰቡ በመካከል የተበደረበት ወለድ ይታሰብ።

አሥራ አንደኛ፦ ትንተናና ለቤተሰቦቹ መመለስ

ትንተናው በአማካይ አይቁም። በሴት የሚመሩ ቤቶች፣ አካል ጉዳተኛ ያለባቸው፣ መሬት ያላቸውና የሌላቸው ተለይተው ይታዩ። አማካዩ ተሻሽሎ ከታች ያሉት አሥር ቤቶች የባሰባቸው ፕሮግራም አጋጣሚ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነው፤ የመነሻ ገንዘብ የሚጠቅመው ጉልበትና ጊዜ ላለው ስለሆነ። «ተመረቁ» ተብለው ከድጋፍ የወጡ ቤተሰቦችም ከአንድ ዓመት በኋላ ተጎብኝተው በነበሩበት ቆመው እንደሆነ ይታይ።

ሪፖርቱ ከመጽደቁ በፊት ግኝቱ በየቀበሌው ለተጠያቂዎቹ ይነበብ። ስብሰባው የእድር ወይም የሰንበቴ ቀን ተከትሎ ቢሆን ሰው አይቸገርም፤ ሴቶች ለብቻቸው የሚወያዩበት ክፍል ይኑረው። «ይህ ትክክል ነው? የቀረ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው እርማት በሪፖርቱ ዋና ክፍል ይግባ እንጂ በግርጌ አይደበቅ። የተቃወመ ድምፅ ካለ ከነምክንያቱ ይጻፍ።

ሪፖርቱ ራሱ ከ15 ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች የተገኘውን፣ ያልሠራውንና መደረግ ያለበትን ይያዙ። ለእያንዳንዱ የማሻሻያ ሐሳብ ኃላፊው አካል፣ የሚያስፈልገው በጀትና የሚፈጸምበት ወር በሠንጠረዥ ይጻፍ። ይህ ሠንጠረዥ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ለቀበሌዎቹና ለማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረቱ በአንድ ጊዜ ይድረስ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር የሚወጣው ቡድንም ወደ መስክ ሲሄድ ይህን ሠንጠረዥ ይዞ በመጀመሪያ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን በማጣራት ይጀምር።